የባዮጋዝ ማብላያ ለወተት ላም አርቢዎች፦ መጠኑን መወሰን፣ መሙላት፣ በየቀኑ መመገብና ብልሽት መፈለግ

"ማብላያው ተሠርቷል፣ እበትም በየቀኑ ይገባበታል፣ እሳቱ ግን ሻይ እንኳ አያፈላም፤ ምን ይሻላል?" እበት አብላልቶ የማገዶ ጋዝ የሚሰጥ ማብላያ ያሠሩ የወተት ላም አርቢዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ችግሩን ከግንበኛው ወይም ከምድጃው ይፈልጉታል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን በረቱ ነው። ወለሉን በጎማ አጥቦ የታጠበበትን ውሃ በሙሉ ወደ ማብላያው የሚለቅ ሰው፣ የቱንም ያህል እበት ቢያስገባ ጥሩ እሳት አያገኝም። ምክንያቱ ደረጃ 9 ላይ በስሌት ቀርቧል።

መመሪያው በአገራችን በብዛት ለሚሠራው ስንዱ ለተባለው ማብላያ ነው። ይህ ከኔፓል ንድፍ ተወስዶ የተስተካከለ፣ በድንጋይ ወይም በጡብና በሲሚንቶ ከመሬት በታች የሚገነባ፣ ዶሙ (ጋዙ የሚጠራቀምበት ክብ ጣሪያ) የማይንቀሳቀስ ዓይነት ሲሆን በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ10 ሜትር ኩብ ይሠራል። የፕላስቲክ ከረጢት ማብላያ ያላችሁ ስለ አመጋገብና ስለ ጥንቃቄ የተጻፈውን ውሰዱ፤ የግንባታውና የግፊቱ ጉዳይ የእናንተ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ድንጋዩን የሠለጠነ የባዮጋዝ ግንበኛ በመጠኑ ልክ አስልቶ ይነግርዎታል። ከዚህ በታች ያሉትን ግን ራስዎ አስቀድመው ያዘጋጁ።

- 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ 2፣ አካፋ፣ መዛቂያ
- እበት መበጥበጫ (መቀላቀያ ገንዳው ላይ የሚገጠም ባለ እጀታ ብረት ወይም ረጅም ዱላ)
- ውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል፣ ቢቻል ጥቁርና ፀሐይ የሚያገኘው
- ባለ ግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ወይም ለጋዝ የሚሆን ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ከማብላያው እስከ ማድ ቤቱ ባለው ርቀት ልክ
- ቦል ቫልቭ 2 (አንዱ ዶሙ አናት ላይ፣ አንዱ ማድ ቤት)፣ ቴፍሎን፣ የውሃ ማፍሰሻ ቧንቧ
- የግፊት መለኪያ (ማኖሜትር)
- ለባዮጋዝ የተሠራ ምድጃ፣ የጋዝ ጎማና ጎማውን የሚያጠብቁ 2 ፋሼታዎች
- የሳሙና አረፋ፣ ልቀት ለመፈለግ
- የአሲድነት መለኪያ ወረቀት (ባይኖር ሥራ አያቆምም፣ ቢኖር ግን ብዙ ግምት ያስቀራል)

በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ምድጃ እንዳለ አይሠራም። የሲሊንደር ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣና ብዙ ሙቀት ያለው ሲሆን ባዮጋዝ ግን ግፊቱም ሙቀቱም ያነሰ ስለሆነ ሰፋ ያለ መርጫ ቀዳዳ ይፈልጋል።

ደረጃ 1፦ እበቱን ይመዝኑ

ማብላያ በላም ቁጥር አይመጠንም፤ የሚመጠነው በእጅ በሚገባው እበት ነው። ቀን ለግጦሽ ወጥታ ማታ የምትገባ ያገር ላም በረት ውስጥ የምትጥለው ከ10 ኪሎ ብዙም አይዘልም። ሙሉ ቀን ታስራ የምትቀለብ ዲቃላ የወተት ላም ግን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ትጥላለች። ለ3 ቀን በረቱ በተዛቀ ቁጥር በባልዲ ይለኩና አማካዩን ይያዙ፤ 20 ሊትር ባልዲ ጢም ብሎ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ትኩስ እበት ነው። ቤት ውስጥ ኩበት የሚጠፈጠፍ ከሆነ ለዚያ የሚሄደውን ቀንሰው ያስሉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ ማብላያውና ኩበቱ በአንድ እበት ይሻማሉ።

ደረጃ 2፦ መጠን ይምረጡ

በደጋ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ በቀን 6 ኪሎ፣ በሞቃት አካባቢ 7.5 ኪሎ ትኩስ እበት ይያዙ። ስለዚህ ለ4 ሜትር ኩብ ከ24 እስከ 30፣ ለ6 ሜትር ኩብ ከ36 እስከ 45፣ ለ8 ሜትር ኩብ ከ48 እስከ 60፣ ለ10 ሜትር ኩብ ከ60 እስከ 75 ኪሎ በየቀኑ ያስፈልጋል። በብርድ አገር እበቱ ለመብላላት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው በአንድ ሜትር ኩብ የሚገባው መጠን የሚያንሰው።

በሁለት መጠኖች መካከል ከሆኑ ትንሹን ይምረጡ። ሰፊ ማብላያ ውስጥ ጥቂት ጋዝ ሲጠራቀም ስለሪውን (በውሃ የተበጠበጠውን እበት) ገፍቶ ከፍ ስለማያደርገው ግፊቱ ደካማ ይሆናል። ትንሹ ጠግቦ ሲያድር ግን ጠዋት እሳቱ ይንፎለፎላል።

የጋዙ ስሌት ቀላል ነው። 1 ኪሎ ትኩስ እበት በሞቃት ቦታ ከ35 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል፤ በደጋ በ30 ሊትር ይገምቱት። በቀን 48 ኪሎ የሚበላ ማብላያ 1,440 ሊትር ሰጠ ማለት ነው። አንድ የምድጃ ዓይን በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ስለሚያቃጥል 4 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ለወጥ፣ ለሻይ፣ ለቡና፣ ወተት ለማፍላትና የወተት ዕቃ ማጠቢያ ውሃ ለማሞቅ ይህ ይበቃል። እንጀራ ለመጋገር ግን በዚህ ምድጃ አይተማመኑ። ሰፊውን ምጣድ እኩል ለማሞቅ ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ ማቃጠያና ብዙ ጋዝ ስለሚያስፈልግ፣ ለምጣዱ የሚሆነውን ማገዶ ገና ከበጀትዎ አያውጡት።

ደረጃ 3፦ ቦታ

በበረቱና በማድ ቤቱ መካከል፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡ። ከማድ ቤቱ በ20 ሜትር ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ወጪውም የመልቀቅ ዕድሉም ይጨምራል። ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ ጉድጓዱ ከማብላያው በታች በተዳፋት ላይ ካለ ከዚያም በላይ። ከቤት መሠረት 2 ሜትር ይልቀቁ። ባሕር ዛፍ አጠገብ በፍጹም አይሥሩ፤ ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቃል። ዶሙ ላይ መኪና የሚነዳበትም መሆን የለበትም።

የበረቱ ወለል ከመቀላቀያ ገንዳው ከፍ ካለ እበቱ በመዛቂያ ተገፍቶ በራሱ ይገባል። ይህን ያላሰበ ሰው ዕድሜ ልኩን በባልዲ ይሸከማል።

ደረጃ 4፦ ግንበኛው ሲሠራ እነዚህን ይከታተሉ

ግንባታው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ቤት የሚገነባ ሁሉ ማብላያ አይገነባም። እርስዎ ግን ቆመው ማየት ያለብዎት ነገር አለ።

አሸዋው፦ ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨምረው ውሃ ይሙሉበት፣ በደንብ ይነቅንቁትና እንዲረጋ ይተዉት። ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከተጋደመ አሸዋው ይታጠብ። ጭቃ ያለው አሸዋ ከሲሚንቶ ጋር በደንብ አይያያዝም፣ ልስኑም ይሰነጠቃል።

ከፍታው፦ የመቀላቀያ ገንዳው ወለል ስለሪው ሞልቶ ከሚፈስበት አፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አለዚያ ጋዙ ሲገፋ ስለሪው ወደ መቀላቀያው ተመልሶ ይወጣል። በውሃ ልክ አስለክተው ያረጋግጡ፤ ከተሠራ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

የዶሙ ውስጥ ልስን፦ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ተራ የሲሚንቶ ልስን ውሃ ቢይዝም ጋዝ ያሳልፋል። ስለዚህ የዶሙ ውስጥ በ5 ንብርብር ይሠራል፤ ከሲሚንቶ ውሃ ቅብ ይጀምርና በሻካራ ልስን፣ በደቃቅ ልስን አልፎ ከቀለም ጋር በተቀላቀለ ሲሚንቶ ቅብ ያልቃል። አንዱ ንብርብር በአንድ ቀን፣ ያለ ማቋረጥ ይጠናቀቅ። ግማሹ ዛሬ ግማሹ ነገ የተለሰነ ዶም መጋጠሚያው ላይ ይለቃል። "ሦስቱ ይበቃል" ለሚል ግንበኛ እሺ አይበሉ።

አፈሩ፦ በግድግዳው ዙሪያ ያለው ክፍተት ማብላያው ከመሞላቱ በፊት በአፈር ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። ዶሙ ላይ ደግሞ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር አፈር ይልበስ። አፈሩ ከውስጥ የሚገፋውን ግፊት በክብደቱ ይመክታል፣ ከሌሊት ብርድም ይከላከላል።

ሲሚንቶው ከተሠራ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

ደረጃ 5፦ ከመሙላትዎ በፊት ይፈትሹ

ዋናውን ቫልቭ (ዶሙ አናት ላይ ያለውን) ከፍተው እስከ ማስወጫ ገንዳው (ስለሪው በጋዝ ተገፍቶ የሚወጣበት) ወለል ድረስ ውሃ ይሙሉ። ግንቡ ውሃ ስለሚጠጣ የመጀመሪያው ቀን መጉደል አያስደንግጥዎ። በማግስቱ የጎደለውን ሞልተው ምልክት ያድርጉና 24 ሰዓት ይጠብቁ። እንደገና በግልጽ ከወረደ ግድግዳው ወይም ወለሉ ያፈሳል።

ቀጥሎ ቫልቩን ዘግተው፣ ማኖሜትሩን አገናኝተው ተጨማሪ ውሃ ይጨምሩ። ዶሙ ውስጥ የታሰረው አየር ይታመቅና መለኪያው ከፍ ይላል። ማታ ሞልተው ጠዋት ያንብቡ። በብርድ ምክንያት ጥቂት ቢወርድ ደግ ነው፤ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ግን ቫልቩ የተገጠመበትን ቦታና የዶሙን አናት በሳሙና አረፋ ይፈልጉ። ውሃውን በፓምፕ ወደ በርሜል አውጥተው ለመጀመሪያው እበት መበጥበጫ ያውሉት።

ይህን ፈተና የሚዘል ሰው የልስን ስንጥቅ የሚያውቀው ሁለት ሺህ ኪሎ እበት ካስገባ በኋላ ነው።

ደረጃ 6፦ ቧንቧውን ይዘርጉ

ጋዙ ከማብላያው ሲወጣ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ በቧንቧው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቧንቧው ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ ማዘንበል አለበት፤ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር፣ ማለትም በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የውሃ ማፍሰሻው የሚገጠመው እዚያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። መሐል ላይ የተንጋደደና ሆድ የሠራ ቧንቧ ውሃ ይቋጥርና ጋዙን ይዘጋል።

ከብት እንዳይረግጠው በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩት። መጋጠሚያ በተቻለ መጠን ያሳንሱ፣ እያንዳንዱን በቴፍሎን ያጥብቁ፣ ከመቅበርዎም በፊት በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። በዋናው ቫልቭና በዶሙ መካከል ሌላ ምንም መጋጠሚያ አይግባ፤ እዚያ የለቀቀ ጋዝ ቫልቭ ቢዘጋም አይቆምም።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሙሌት

ለ6 ሜትር ኩብ ማብላያ ከ2,000 ኪሎ ያላነሰ እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ግንባታው ሳያልቅ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀደም ብለው፣ ካስፈለገም ከጎረቤት እየተቀበሉ፣ ጥላ ሥር ያከማቹ። ፕላስቲክ ያልብሱት፣ እንዳይደርቅም ውሃ ይርጩበት። የደረቀ እበት አፈሩንና ገለባውን ይዞ ይገባል፣ ለመብላላትም ይዘገያል።

ቫልቩ ክፍት ሆኖ፣ እበትና ውሃ እኩል በእኩል እየበጠበጡ ያስገቡ። ድንጋይ፣ ገመድ፣ የድርቆሽ ጉንጉንና ላስቲክ ካዩ በእጅ ይልቀሙ። ውፍረቱ ከማንኪያ ላይ እየተንጠባጠበ የሚወርድ የእንጀራ ሊጥ ይምሰል። ስለሪው የማስወጫ ገንዳውን ወለል ሲነካ ያቁሙና ቫልቩን ይዝጉ።

በአካባቢው ጋዝ የሚሰጥ ማብላያ ካለ ከ10 እስከ 15 ጀሪካን ስለሪ ለምነው ይጨምሩ። ጋዝ የሚያመነጩት ረቂቅ ተሕዋስያን ተዘጋጅተው ስለሚገቡ መጠበቂያውን ያሳጥረዋል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው እሳት

እንደ አየሩ ሙቀት ከ10 እስከ 30 ቀን ይጠብቁ፤ በደጋ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምንም አይጨምሩ። ሚቴን (የሚቀጣጠለውን ጋዝ) የሚሠሩት ተሕዋስያን ቀስ ብለው ነው የሚባዙት፤ አዲስ እበት ሲደራረብባቸው አሲዱ ይቀድማቸዋል።

መጀመሪያ የሚጠራቀመው ጋዝ አይቀጣጠልም። አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛበታል። ግፊቱ ከፍ ሲል፣ አጠገቡ ምንም እሳት ሳይኖር፣ ወደ ውጭ ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱት። ይህን 2 ወይም 3 ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ በኋላ ማድ ቤት ባለው ምድጃ ላይ ብቻ ይሞክሩ። በፍጹም ዶሙ አናት ላይ ባለው ቧንቧ አፍ ክብሪት አይጫሩ፤ ውስጡ አየር ካለ እሳቱ ተመልሶ ገብቶ ዶሙን ሊያፈነዳ ይችላል።

ክብሪቱን አስቀድመው ይጫሩ፣ ወደ ምድጃው ያስጠጉ፣ ከዚያ ጋዙን ይክፈቱ። ጥሩ እሳት ሰማያዊ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ የአየር ማስገቢያውን ይክፈቱ፤ ከምድጃው ተነሥቶ እየተንሳፈፈ ከጠፋ ያጥብቡት።

ደረጃ 9፦ በየቀኑ መመገብ

1. መጀመሪያ በደረቁ ይዛቁ። ወለሉ ሳይታጠብ እበቱ በሙሉ ይሰብሰብ።
2. ለአንድ ባልዲ እበት አንድ ባልዲ ውሃ ይጨምሩ። አተላ፣ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርትና ለምለም ሣር የምትበላ ላም እበቷ ቀጭን ስለሆነ ውሃውን ወደ ግማሽ ባልዲ ያውርዱ። ሁልጊዜ የሚያዩት ውፍረቱን ነው።
3. ከውሃው እስከ ግማሹ ድረስ የላም ሽንት ቢሆን ይጠቅማል፤ ውሃ ይቆጥባል። ከዚያ በላይ ከሆነ አሞኒያው ተሕዋስያኑን ይጎዳል።
4. የመቀላቀያውን ቀዳዳ ደፍነው ጓሉ እስኪጠፋ ይበጥብጡ። ጥቂት አርግተው አሸዋው ሲሰጥም ቀዳዳውን ይክፈቱ፤ ሥር የቀረውን አሸዋ በእጅ ያውጡት። ማብላያ የገባ አሸዋ አይወጣም፣ ዓመት ከዓመት ቦታ ይሻማል።
5. በረቱን አሁን ይጠቡት። የታጠበበትን ውሃ ግን በሌላ ቦይ ወደ ሣር ማሳ ይልቀቁት።

አምስተኛውን ነጥብ በቁጥር እንየው። 4,800 ሊትር ስለሪ የሚይዝ ማብላያ በቀን 40 ኪሎ እበትና 40 ሊትር ውሃ ቢገባበት፣ 80 ሊትር ገባ ማለት ነው፤ እበቱ 60 ቀን ውስጡ ይቆያል። ያው 40 ኪሎ እበት በ160 ሊትር ውሃ ታጥቦ ቢገባ 200 ሊትር ይሆናል፤ የሚቆየው 24 ቀን ብቻ ነው። በደጋ ቅዝቃዜ 24 ቀን አይበቃም። እበቱ ግማሽ ተብላልቶ ይወጣል፤ ጋዝ የሚሰጡት ተሕዋስያንም ሳይባዙ አብረው ይጠረጋሉ። የማስወጫው ስለሪ ቀጭን ከሆነና ትኩስ እበት የሚሸት ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

በሁለት ጊዜ ከፍሎ መመገብ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከአንድ ጊዜ ይሻላል። አንድ ቀን ቢያመልጥዎ በማግስቱ እጥፍ አይስጡት።

ለደጋ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድባቸው እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቦታዎች ጋዝ መቀነሱ አይቀርም። ተሕዋስያኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ይመቻቸዋል፤ ከ15 በታች ይለግማሉ፣ ከ10 በታች ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። ውሃውን በጥቁር በርሜል ፀሐይ ላይ አሙቀው እኩለ ቀን ላይ ይመግቡ፣ ዶሙ ላይ ወፍራም ገለባ ያልብሱ። በብርድ ወራት እበት መጨመር ጋዝ አይጨምርም።

ደረጃ 10፦ ከእበት ሌላ ምን ይገባል?

የማድ ቤት ተረፈ ምግብ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጠላ አተላ ይገባል፤ ተከትፎ፣ ከእበት ጋር ተበጥብጦና ከእበቱ ክብደት ከ10 በመቶ ሳያልፍ። በፍጥነት ስለሚበሰብስ አብዝተው ከሰጡት ማብላያውን አሲዳም ያደርገዋል። የዶሮ ኩስ በትንሹና በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ይሆናል፤ አሞኒያና አሸዋ ይበዛበታል።

የማይገቡት፦ ገለባ፣ ጭድ፣ የጫት ገረባና የእንጨት ፍቅፋቂ አይብላሉም፤ ከላይ ተንሳፍፈው ቅርፊት ይሠራሉ። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ዘይቱ ተሕዋስያኑን ይገድላል። አመድ፣ አፈር፣ የሳሙናና የኦሞ ውሃ፣ በረኪና፣ ለመዥገር የሚረጭ መድኃኒት አንዳቸውም አይግቡ።

የወተት አርቢ በተለይ መጠንቀቅ ያለበት ከመድኃኒት ነው። በጡት በሽታ ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የምትወስድ ላም እበቷም፣ ሽንቷም፣ የሚደፋው ወተቷም ማብላያ አይግባ። መድኃኒቱ በሽታውን እንደሚገድል ሁሉ ጋዝ የሚሰጡትንም ይገድላል። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ለብቻ ይዝቁላት።

ደረጃ 11፦ ስለሪውን አያባክኑ

የገባው ያህል ስለሪ በየቀኑ ይወጣል፤ መውጫው ከተደፈነ ማብላያው ይታመማል። ከማስወጫው ቢያንስ 1 ሜትር ርቀው፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያላቸው 2 ጉድጓዶች ይቆፍሩ፤ አንዱ ሲሞላ ሌላውን ይጠቀሙ። ከብት የተወውን ገለባ ከታች አንጥፈው ስለሪ ያፍስሱበት፣ እንደገና ገለባ ይደርቡ፣ ከላይም ጥላ ይሥሩ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ስለሪ ናይትሮጅኑ በአየር ይበናል። ትኩሱን ለአትክልት መስጠት ከፈለጉ በእኩል ውሃ ያቅጥኑት። ለዝሆኔ ሣር በቦይ ቢለቁት መኖውም ይለመልማል።

ሽንት ቤት ከማብላያው ጋር ካገናኙ ትኩሱን ስለሪ በጥሬው ለሚበላ አትክልት አያውሉ።

ማስጠንቀቂያ

- ማብላያ ውስጥ ማንም አይግባ፣ ባዶም ቢመስል። ውስጡ ኦክስጅን የለም፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም በጥቂት ትንፋሽ ራስ ያስታል። ሰው ከወደቀ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ አስከሬን ነው፤ ከውጭ በገመድ ይጎተት፣ ሰው ይጠራ።
- የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ማድ ቤት ውስጥ ከሸተተ ዋናውን ቫልቭ ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ። ክብሪት አይጫር፣ መብራት አይብራ፣ የበራም አይጥፋ፤ የማብሪያው ብልጭታ ይበቃዋል።
- የመቀላቀያውና የማስወጫ ገንዳው ክዳን ሁልጊዜ ይከደን። ሕፃንም ጥጃም ይወድቅበታል።
- የጋዝ ጎማ ሲሰነጣጠቅ ወዲያው ይቀየር፤ በሽቦ አይታሰር።
- ማታ ከመተኛት በፊት ዋናው ቫልቭ ይዘጋ።

ብልሽት ሲገጥም

ጋዝ ሲቀንስ መጀመሪያ መለየት ያለበት፦ ጋዙ አልተመረተም ወይስ መንገድ ላይ ጠፋ? ማታ ዋናውን ቫልቭ ዘግተው በማስወጫ ገንዳው ግድግዳ ላይ፣ ስለሪው በደረሰበት፣ በጠመኔ ያስምሩ። ጠዋት ሳይመግቡ ይዩ።

ስለሪው ከመስመሩ በደንብ ከፍ ካለ ጋዝ አለ፤ እሳቱ ደካማ ከሆነ ችግሩ ቧንቧው ወይም ምድጃው ላይ ነው። ሁሉንም መጋጠሚያ በአረፋ ይፈትሹ፣ የመርጫውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይጥረጉ።

ስለሪው ካልተነሣ ወይ አልተመረተም ወይ ዶሙ ይለቃል። የአሲድነት ወረቀቱን ከማስወጫው ስለሪ ይንከሩ። ከ6.8 እስከ 7.5 ከሆነ ሕይወት አለው፤ ቫልቩን ዙሪያውን በአረፋ ይፈልጉ፣ ዶሙ ላይ ያለው አፈር በውሃ ሲረጥብ የሚፈላ ቦታ ካለም ይዩ። ከ6.5 በታች ከሆነ አሲድ በዝቶበታል። ምገባውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፤ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ሳምንት ጾም ይበቃዋል። ከሚሠራ ማብላያ የመጣ ስለሪ ቢጨመር ይፈጥናል። ከዚያ በግማሽ ምገባ ይጀምሩ።

እሳቱ ብልጭ ድርግም ካለ፦ ቧንቧው ውሃ ቋጥሯል። ማፍሰሻውን ከፍተው ውሃው ሲያልቅና ጋዝ መሽተት ሲጀምር ይዝጉ። በሳምንት አንዴ ይህን ማድረግ ልማድ ይሁን፣ በብርድ ወራት ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

መቀላቀያው ላይ ስለሪ ተመልሶ ከወጣ፦ የማስወጫው አፍ ተደፍኖ ይሆናል፤ ይጥረጉት። አፉ ክፍት ከሆነ ግን ጋዝ ሳይቃጠል ተጠራቅሞ እየገፋ ነው፤ ይጠቀሙበት።

ስለሪው ላይ ደረቅ ቅርፊት ከተጋገረ፦ በማስወጫው በኩል የሚታየውን ያውጡ፣ በመግቢያው ቧንቧ ረጅም እንጨት አስገብተው በየቀኑ ላይ ታች ያድርጉ። ገለባ ከየት እንደገባ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግርግም የተረገፈ ድርቆሽ ነው።

ለዓመታት ከሠራ በኋላ፣ ምገባውም ውሃውም ሳይቀየር ጋዙ ቀስ በቀስ ከወረደ ወለሉ ላይ አሸዋ ተጋግሯል። ይህ በፓምፕ ከውጭ ተመጥጦ ይወጣል፤ በአካፋ ለማውጣት ሰው ወደ ውስጥ ከማውረድ ይልቅ የሠለጠነ ባለሙያ ጠርተው ያሠሩት።